የወረቀት ጓንት

ዌተንዴል፣ ከቄሱ ቤት
ኖቬምበር 8 ቀን 1791

ውድ እህቴ ጁዲት፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ባልሽ ካፒቴን ፔንሮዝ ከባሕር ተመልሶ ከሆነ ሰላም በይልኝ፤ ካልተመለሰም ነፋሱ ይቅናው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ የዘገየው ንቄሽ አይደለም። ሊዲያን የወሰደው ትኩሳት እኔንም ጥሎኝ ነበር። አሁን ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ። ሳሉ ግን እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ ባለቤት ተቀምጧል።

ስለ ክርስትና ልጅሽ ስለ ሊዲያ ቀብር የጠየቅሽኝን በየተራው ልመልስ። አዎ፣ ሁሉም እንደ ወጉ ሆኗል። አዎ፣ ሳታገባ ለሞተች ልጃገረድ የሚገባው አክሊል ተሠርቶላታል፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ጎብጦ፣ ነጭ የወረቀት ጽጌረዳ ለብሶ፣ ከመሐሉ ሁለት የወረቀት ጓንት ተንጠልጥሎበት። ጓንቱን የቆረጠችው ታናሽ እህቷ ፊቢ ናት፣ የሟቿን እጅ ወረቀት ላይ አስተኝታ ዙሪያውን በከሰል አስምራ። ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ከሬሳ ሣጥኑ ፊት ይዘውት ሄዱ። እናቷ ሐና ማስክሪ መንገዱን ሁሉ አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ከጓንቶቹ ላይ አልተነሳም፣ ነፋሱ እንዳያጨማድዳቸው ስትጠብቅ ነበር። ከዚያም አክሊሉ ከማስክሪዎች መቀመጫ በላይ ባለው ዝቅተኛ ኩላብ ላይ ተሰቀለ። እዚያ ሦስት እሁድ ቆይቶ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ እስኪበሰብስም ማንም አይነካውም።

አሁን ደግሞ የሚያስደስትሽን ልንገርሽ። የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ መጽሐፌ ምዕራፍ ሰባት ደርሷል፣ እሱም ስለ አክሊሎቹ ነው። አክሊሉ ሦስት እሁድ ለምን ዝቅ ብሎ እንደሚቆይ የጻፍኩትን ብታዪ! በአያቶቻችን ዘመን በልጅቱ ክብር ላይ ነገር ያለው ሰው፣ ሳይናገርና ሳይታይ፣ በሳምንቱ መሐል ገብቶ አክሊሉን ያወርደው ነበር። እሁድ ሕዝቡ ባዶውን ኩላብ ያያል፣ ነገሩ ይገባዋል፣ ማን አወረደው ብሎ የሚጠይቅም የለም። “ይህ ጨካኝ ልማድ ዛሬ ፈጽሞ ሞቷል” ብዬ ዘግቼዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፣ አይደል?

ለምዕራፉ ሥዕል ያስፈልገኝ ነበር። አክሊል አንዴ ጣሪያ ከወጣ እንኳን እኔ ድመትም አትደርስበትም። ስለዚህ የሊዲያን ከሁለተኛው እሁድ በኋላ አውርጄ ወደ መጻሕፍት ክፍሌ አመጣሁት። ቅዳሜ ልመልሰው አስቤ ሳለ ትኩሳቱ ያዘኝ፣ እሁድ ሌላ ቄስ መጥቶ ጸሎቱን መራልኝ። እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የግራውን ጓንት ሥዕሉን በመዳብ ለሚቀርጽልኝ ሰው ወደ ለንደን ልኬዋለሁ፤ የጣቶቹን አቀማመጥ በቃል ማስረዳት አልቻልኩም።

ማስክሪዎች ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትሳቂብኝ። ክፍሌ ውስጥ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። መስኮቱ ዝግ ነው። ቤት ጠባቂዬ ወይዘሮ ባግሾ አይጥ ነው ብላ ድመቷን አስገባችልኝ። ድመቷ ግን አልቆይ አለች።

ወንድምሽ
ጊልበርት ፈርነስ


ፋልመዝ
ኖቬምበር 21 ቀን 1791

ጊልበርት፣

ሰላምታው ይቆየን።

ያንተና የፊቢ ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ደግነቱ ያንተን አስቀድሜ ከፈትኩ፤ የእሷን ባስቀድም ኖሮ ያልታወቀውን ሰው ስረግም ውዬ፣ ማታ ወንድሜን መርገሜን እሰማ ነበር።

ፊቢ የጻፈችውን ስማ። “እሜቴ፣ እሁድ ስንገባ ኩላቡ ባዶ ነበር። እማዬ ቀና ብላ አየችና ተቀመጠች። ከፊታችን ያሉት ዞረው አዩን፣ ከኋላችን ያሉት መቀመጫ ቀየሩ። ማንም ምንም አላለም።” ባለወፍጮው ልጁ ኖህ ለፊቢ ያደረገላትን ቀለበት አስመልሷል። የኖህ እናት በሰው ፊት “አክሊሏ የወረደባት ልጅ እህትን ምራት አላደርግም” ብላለች። ፊቢ ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ እስክትጨርስ ቆመው ይጠብቃሉ፣ አብረዋት አይቀዱም። ከዚያ መጨረሻ ላይ ትጠይቀኛለች። “እሜቴ፣ ማን ነው ያወረደው?”

ምን ብዬ ልመልስላት? ወንድሜ ለሥዕል ፈልጎት ነው ልበላት?

ሞቷል ብለህ የቀበርከው ልማድ እኮ በሕይወት አለ። ከመቀመጫ መቀመጫ እየዞረ ነው፣ አንተ እላዩ ላይ ቆመህ ትሰብካለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተ ሁለቱንም ሆነህ አረፍከው!

ቀደም ሲል የጠየቅከኝንም አልረሳሁም፤ አዎ፣ መጽሐፉ እንዲታተም ቀድመው ከፍለው የሚመዘገቡ ሰዎች እዚህም አሉ። አንዱንም አልጠይቅልህም። መጀመሪያ ሕዝቡ ፊት ቁምና “እኔ ነኝ ያወረድኩት” በል። ሦስት ቃል ነው። ከዚያ ስለ ሳልህ እጠይቅሃለሁ።

ጁዲት


ዌተንዴል
ዲሴምበር 5 ቀን 1791

ውድ እታለም፣

ቁጣሽ ይገባኛል። ከደረሰኝ ጀምሮ ምግብ አልረባኝም። እውነቴን ነው፣ ማንም አልነገረኝም። ቄስ መጨረሻ የሚሰማው እንደ ባል ነው።

ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሐና ቤት ሄጃለሁ።

በሩን ራሷ ከፈተች። “ይግቡ ጌታዬ፣ ይህን ደጃፍ ሰው ከረገጠው ቆይቷል” አለችኝ። የአጃ ቂጣና አይብ አቀረበችልኝ። ፊቢ እኔን ስታይ ወደ ጓሮ ወጣች። ሐና እሳቱን ቆሰቆሰችና፣

“ጌታዬ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። አክሊል ያወረደ ሰው ኃጢአት አለበት?” አለችኝ።

“እንደ ሐሳቡ ነው” አልኩ።

“ሐሳቡን ማን ያውቅለታል?”

“እግዚአብሔር።”

“እሱማ ያውቃል። እኔም ባውቅ ብዬ ነው።” ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ወደ እሳቱ ዞረች። “ሰዎች ሊዲያን ያገኟታል አሉ። በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ፣ አጥር መሻገሪያው ጋ። እጇ ባዶ ነው አሉ። በዚህ ብርድ! እኔ ጋ ግን አንድ ቀን አልመጣችም፣ ጌታዬ። እኔ ጋ ብትመጣ የራሴን ጓንት አውልቄ እሰጣት ነበር።”

ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ጁዲት። በእውነት ከፈትኩ። ቂጣውን በላሁበት።

አገኟት ስላለችው ነገር ደወል ደዋዩን ጆብን ጠየቅሁት። ጆብ ጠጥቶም ሳይጠጣም የሚዋሽ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። ይህን ሲነግረኝ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። “መዳፏን ታያለች፣ ጌታዬ። አንዱን ታይና ሌላውን ታያለች። ደህና ዋልሽ አልኳት፣ ቆይቼ ነው መሞቷ ትዝ ያለኝ” አለ። ይህን ለመጽሐፌ አልመዘገብኩትም። አንድ ምስክር ምስክር አይደለም።

አሁን መፍትሔውን ልንገርሽ። በምዕራፍ ሰባት ግርጌ ማስታወሻ እጨምራለሁ፦ “ከላይ የተሳለው አክሊል በደራሲው እጅ፣ ለሥዕል ብቻ የወረደ ሲሆን በሟቿ መልካም ስም ላይ ምንም አያመለክትም።” እንዲህ ብሎ በታተመ ቃል ስሟ ለዘላለም ይነጻል። መድረክ ላይ ብናገረው ግን እስከ ማክሰኞ ጳጳሱ ጆሮ ይደርሳል፤ ቄስ የሙታንን ዕቃ ከቤተ ክርስቲያን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ ይባላል። ከዚያ ማን መጽሐፌን ያምናል?

ከዚህ ጋር በሌላ ወረቀት አንድ ጥያቄ ጽፌልሻለሁ። አንብበሽ አቃጥይው። የጠየቅኩሽ እንደ ታሪክ ጸሐፊ እንጂ እንደ ክፉ ሰው አይደለም።

ጊልበርት

የረሳሁት፦ የቀኙን ጓንት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ብተወውም ጣቶቹ ታጥፈው አገኛቸዋለሁ። እርጥበት ነው።


ፋልመዝ
ዲሴምበር 19 ቀን 1791

ጊልበርት፣

ግርጌ ማስታወሻ! ባሌ ትናንት ከባሕር ገብቶ አነበብኩለት፤ ሳቀ። “ይህ ሰው መርከብ ሲሰጥም ማስታወቂያ ይለጥፋል” አለኝ።

እስቲ ንገረኝ፣ ዌተንዴል ውስጥ ግርጌ የሚያነብ ማን ነው? ሐና ማንበብ አትችልም። የባለወፍጮው ሚስት የምታነበው የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን ነው። መጽሐፍህ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በየጌቶቹ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ እስኪጠጣ ድረስ ፊቢ አርጅታ ትሞታለች። ስሟ የጠፋው በቤተ ክርስቲያን፣ በእሁድ፣ በሰው ፊት ነው። የሚመለሰውም እዚያው ነው።

ስለ ሌላው ወረቀት። አቃጥዬዋለሁ። “ለመሆኑ ከሳሽ ቢመጣ ኖሮ የሚለው ነገር ይኖረው ነበር?” ብለህ ልትጠይቀኝ ወረቀት መለየትህ፣ ማፈርህን አሳየኝ። በእሱ ብቻ ነው ይቅር ያልኩህ።

ሊዲያ ያለፈውን ክረምት እኔ ቤት ከርማለች። ሳሎኔ ውስጥ፣ ባሕሩን በሚያየው በዚህ መስኮት ስር ተቀምጣ መርከቦቹን ስታይ ትውል ነበር። ስትመጣ ምን እንደነበረች፣ ስትሄድ ምን እንደሆነች የማውቀው እኔ ነኝ። ሆድ ይፍጀው። ለአንተም አልናገረው፣ ለእናቷም አልናገረው፤ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል። አንተ ግን ይህን እወቅ። ከሳሽ አልመጣም። አንድም ሰው እጁን አላነሳባትም። ያነሳኸው አንተ ነህ። ጥያቄህን ሳነብ የገባኝ ደግሞ ሌላ ነው። እሷ ላይ ነውር ቢገኝ ደስ ይልህ ነበር፣ ወንድሜ። ጥፋትህ ታሪክ ሆኖልህ በሰላም ትተኛ ነበር።

ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ። ከእናታችን ጉያ አብረን ነው የወጣነው።

ከዚህ ጋር አንድ የወረቀት ጓንት አለ። ሊዲያ እዚህ ረስታው የሄደችው የሱፍ ጓንት ነበር፣ በእሱ ልክ ቆረጥኩት። የግራ ነው። የለንደኑ ሰው መለሰልህም አልመለሰልህም፣ የልጅቱ እጅ ለንደን ምን ይሠራል?

እህትህ
ጁዲት


ዌተንዴል
ጃንዋሪ 9 ቀን 1792

ጁዲት፣

ጓንቱ ደርሷል። እግዜር ይስጥልኝ። የመዳብ ቀራጩ የላክሁለት ጓንት ጠፍቶበታል። “ሠራተኛዬ እሳት ለኩሶበት ሊሆን ይችላል” ብሎ ይቅርታ ጽፏል።

ለገና መናገር ነበረብኝ። ስብከቴን ይዤ ወጣሁ፣ የማስክሪዎችን ባዶ መቀመጫ አየሁ፣ ስለ እረኞቹ ሰብኬ ወረድኩ። ለአዲስ ዓመትም እንደዚያው።

ፊቢ መጥታ ነበር። እናቷ ታማለች። “እማዬ እርስዎን ትላለች፣ ጌታዬ” አለችኝ። ነገ እመጣለሁ አልኳት። ነገ የተባለው አልፏል፣ አልሄድኩም።

ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ለማንም የምናገረው አይደለም። ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ በረዶው ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ፣ ከማተሚያ ቤት ለእርማት የመጣውን ምዕራፍ ሰባት እያየሁ ቀና አልኩ። ሊዲያ መንገዱ ላይ ቆማለች። በእኔና በእሷ መሐል መስኮቱና የአትክልቱ አጥር ብቻ ነበር። እኔን አላየችኝም፤ የምታየው ጠረጴዛውን ነው። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታለች፣ ሕፃን ታጥቦ ለእናቱ እንደሚያሳይ። ሲበርዳት አየሁ። ሙት ሲበርደው ይታያል ብሎ የጻፈ ማንም የለም፣ እኔ ግን አየሁ።

ያደረግኩትን ልንገርሽ፤ ተነስቼ መጋረጃውን ሳብኩ። ይህን የምጽፍልሽ በተዘጋ መጋረጃ ውስጥ ሻማ አብርቼ ነው፣ ገና ቀን ነው።

እዚያው ቆማ እንደሆነ አላውቅም። ምን ላድርግ?

ጊልበርት


ፋልመዝ
ጃንዋሪ 18 ቀን 1792

ጊልበርት፣

መጋረጃውን ክፈት።

ጁዲት


ዌተንዴል
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1792

ውድ እታለም፣

እንደምን አለሽ? ከፍቼዋለሁ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፤ በረዶው ላይም ዱካ አልነበረም። እንዲያውም የባሰው እሱ ነው።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ፣ ሌላ መጻፍ የማውቀው መንገድ የለም።

በማግሥቱ እሁድ አክሊሉን ከጠረጴዛዬ አነሳሁ። ያንቺን ጓንት ከቀኙ ጎን አሰርኩት። አዲሱ ነጭ ነው፣ አሮጌው ቢጫ ሆኗል፣ ይለያያሉ። በካባዬ ስር ሸፍኜ ልወስደው ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። ልጃገረዶቹ እንደያዙት በሁለት እጄ ከፊቴ ይዤ በመንደሩ መሐል ሄድኩ። ሰው ከየደጁ ወጣ። ጆብ ደወሉን መደወል አቆመ።

ገብቼ ኩላቡ ላይ ሰቀልኩት። መድረክ ላይም አልወጣሁ፣ እዚያው መቀመጫቸው አጠገብ ቆምኩ። “እኔ ነኝ ያወረድኩት” አልኩ። እንዳልሽው ሦስት ቃል ነው። ግን ሦስቱ ቃል ብቻ ሲሆን ሰው የሚያየው ፊትሽን ነው። ስለዚህ ቀሪውን ጨመርኩ። ለመጽሐፌ ሥዕል እንደወሰድኩት፣ ልማዱ ሞቷል ብዬ መሳሳቴን፣ ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ፈርቼ ዝም ማለቴን፣ አንዱ ጓንት በእኔ ጥፋት ጠፍቶ በሌላ መተካቱን። “ሦስቱ እሁድ ከዛሬ እንደገና ይጀምራል። ከሳሽ ያለ እንደሆነ በሩ ክፍት ነው” አልኳቸው።

ጳጳሱ ሰምቷል። እንዳልኩሽ እስከ ማክሰኞ ደርሶታል። ደብዳቤው ደስ አይልም። ከተመዝጋቢዎቼ ጥቂቶቹ ስማቸውን ሰርዘዋል። የባለወፍጮው ሚስት በመጀመሪያው እሁድ ስትወጣ “ቄሱ አብዷል” ስትል ሰምቻለሁ፤ በሁለተኛው እሁድ ግን ፊቢ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ኖህም ቀለበቱን ይዞ ሄዷል። ፊቢ “እስከ ፋሲካ አስብበታለሁ፣ አንተም እስከዚያ እናትህን ሳትጠይቅ ማሰብ ተማር” ብላ መልሳዋለች። ደስ አለኝ።

ሦስተኛው እሁድ ከትናንት ወዲያ ነበር። ሐናን ኖህና ጆብ በወንበር ተሸክመው አመጧት። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። እንደ ወጉ መሰላሉ ቆመ፣ ሁላችንም ዝም አልን። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስለ ሊዲያ ጥርጣሬ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጁዲት፤ እሱም መሰላሉን የያዘው ነበር። ያለ ምስክር ምንም አልጽፍም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወጣሁና አክሊሉን ጣሪያው ላይ ሰቀልኩት። ከእንግዲህ ማንም አይነካውም።

ሥዕሉን ከመጽሐፉ አውጥቻለሁ። ምዕራፍ ሰባት አሁን የሚዘጋው “ይህ ልማድ በዌተንዴል እስከ ዛሬ አለ” ብሎ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አያምርም። ክፍሌ ጸጥ ብሏል፣ ድመቷም ተመልሳ ወንበሬን ይዛለች።

ዛሬ ጠዋት ሐና ጋ ሄድኩ። ብዙ የምትቆይ አይመስለኝም። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

“መጣች፣ ጌታዬ” አለችኝ። “ትናንት። እዚህ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።”

ምስክር አለሽ ወይ አላልኳትም። “እጇስ?” አልኩ።

“ጓንት አድርጋለች። ጉንጬን ያዘችኝ፣ ሞቃለች።” ፈገግ አለች። ከዚያ የሆነ ነገር ግራ እንደገባት ሁሉ ግንባሯን ቋጠረች። “አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፣ ጌታዬ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ግን አወቅሁት። የግራ እጇ ባሕር ባሕር ይሸት ነበር።”

ጁዲት፣ ያንን ጓንት ማን እንደቆረጠው፣ ከየት እንደመጣ፣ በዚህ መንደር ለማንም አልተናገርኩም።

ወንድምሽ
ጊልበርት